ጨው የሌለው ጨው

ሶፋ ሠሪውን ሠፈሩ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በሶፋውና በውሸቱ። ሶፋው አልፎ አልፎ ይረግባል። ውሸቱ ረግቦ አያውቅም።

ሲያወራ ላየው ሰው ሥራ የያዘ እንጂ የሚዋሽ አይመስልም። የጨርቅ ምስማሮቹን ከንፈሩ ላይ ደርድሮ፣ በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው የተወጠረ ጨርቅ ይዞ፣ ወሬውን በአፉ ዳር ያሾልከዋል። አንድ ጊዜ ለአንድ ባለጠጋ የሠራው ሶፋ ከልስላሴው ብዛት ሰውየውን እንዳለ ዋጠው። ቤተሰቡ ገመድ ወርውሮ ቢጎትት መጀመሪያ የወጣችው ድሮ የጠፋች የቤቱ ድመት ናት፤ ያውም ከነልጆቿ። እዚህ ላይ ሲደርስ ወርክሾፑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ጨምርበት» ይላል። እሱም ይጨምርበታል፤ ባለጠጋው እስካሁን እዚያው ነው፣ አልፎ አልፎ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ተመችቶኛል ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ተረሳና «ጨምርበት» ሆኖ ቀረ።

ሚስቱ ግን በዚህ ስም አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። እሷ ያወጣችለት ስም «ልብ አውልቅ» ነው። «ሌሎች ሴቶች ባል አገቡ፤ እኔ ዓይኑን በጨው የታጠበ ወሬ አገባሁ» ትላለች ለሚሰማት ሁሉ።

ጉዱን ያፈላውም ይኸው ጨው ነው።

የደም ግፊቱ ከፍ፣ የኩላሊቱ ጉልበት ደግሞ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ፣ ክትትል የሚያደርግበት ክሊኒክ በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን ሰጠውና ጨው የሚባል ነገር ከለከለው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ «ከእንግዲህ ዓይንህን በምን ልትታጠብ ነው» አለችው። ቀልዷን ቀልዳ ግን አልተወችውም። ምግቡ ውሃ ውሃ እያለው ፊቱን ሲያጨማድድ ስታይ ሆዷ ባባ፤ ከሱፐርማርኬት ሱፐርማርኬት ዞራ አንድ ቆርቆሮ ይዛለት መጣች። ክዳኑ ላይ ቀይ ልብ ተስሏል።

«ጨው ነው» አለችው። «ግን ጨው የለበትም።»

ጨምርበት ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምን አልሽ?»

«ሻጩ እንደዚያ ነው ያለኝ። ጨው የሌለው ጨው። ለልብ ጥሩ ነው አለ፤ ይኸው ልብም ተስሎበታል።»

«ይሄን እኔ ተናግሬው ቢሆን ትፈቺኝ ነበር» አለ ጨምርበት። ቅናት ቢጤም ሸነቆጠው። ዕድሜ ልኩን ሲፈጥር ኖሮ እንዲህ ያለች አጭርና ጥፍጥ ያለች ውሸት አንድም ጊዜ ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

ቀመሰው። ሲጀምር እንደ ጨው ይጀምርና መጨረሻው ላይ ምስማር ምስማር ይላል፤ የምስማርን ጣዕም ደግሞ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጨውነቱ ደከም ስላለበት ጨመረ። እንቁላሉ ላይ ነሰነሰ፣ ሾርባው ላይ ነሰነሰ፣ ቲማቲሙ ላይ በማንኪያ ደፋው። ሚስቱ «ኧረ በዛ» ስትለው መልሱ ዝግጁ ነው።

«ጨው የለበትም አላልሽም? የሌለ ነገር እንዴት ይበዛል?»

ቆርቆሮውን አገላብጣ አየችና መልሳ አስቀመጠችለት።

ለአናጢው ወዳጁም ክዳኑ ላይ ያለውን ልብ አሳይቶ በብልቃጥ ቀንሶ ሰጠው። አናጢው የሶፋውን እንጨት የሚገጣጥምለት፣ የወርክሾፑን ግማሽ ይዞ የሚሠራ ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ክሊኒክ ይሄዳሉ፣ አንድ ዓይነት ኪኒን ይውጣሉ፣ የሁለቱም ኩላሊት ለግሟል፤ «የኩላሊት ወንድማማቾች ነን» ይባባላሉ። ልዩነታቸው አናጢው መርፌ ይፈራል። ጣቱን በመጋዝ ገሽልጦ እያፏጨ የሚጠቀልል ሰው፣ ደም ይቀዳል ሲባል ግን የቀጠሮው ቀን ይጠፋበታል።

ያን ዕለት ረፋዱ ላይ ጨምርበት አንድ ትልቅ ሶፋ ገልብጦ ሞላዎቹን በገመድ እያሰረ ሳለ እግሮቹ የሱ አልሆን አሉት። አዘዛቸው፤ አልሰሙትም። ከጉልበቱ በታች ስፖንጅ የተጠቀጠቀበት መሰለው። ጣቶቹን ነዘረው። ከዚያ ልቡ አንዴ ድው አለና ዝም አለ። ጠበቀው። ዝም። አንድ ነገር ረስቶ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ሰው ዘግይቶ ድው አለ፤ ደግሞ ዝም።

«ስማኝማ» አለው አናጢውን። «ልቤ እየቆመ ነው የሚመታው።»

አናጢው ከመላጊያው ቀና አላለም። «ጨምርበት።»

«የምሬን ነው። እግሬም የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ? መልስለት።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረበት። አፉ ግን የለመደው ነገር አለ፤ ሰው ሊስቅ መሆኑን ካየ ራሱን አይዝም። «ልቤ ሻይ ሊጠጣ እየወጣ ነው የሚመለሰው» አለ። «ሲመለስም ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል።»

አናጢው መላጊያውን ለቆ ሳቀ። ጨምርበትም አብሮ ሊስቅ ሞከረና ከነመዶሻው ከበርጩማው ላይ ተዘረገፈ።

አናጢው አጨበጨበለት።

«ይቺ ጥሩ ናት» አለው። «አወዳደቅህን አሻሽለሃል።» ወደ እንጨቱም ተመለሰ።

ጨምርበት መሬት ላይ ሆኖ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያያል። ነገር ዓለሙ ተደበላለቀበት። የታመመ ሰው ምን ይላል? «አሞኛል» እንዳይል፣ ደንበኛ መጥቶ ሶፋው ሳያልቅ ሲቀር ሁልጊዜ የሚላት ናት። «እየሞትኩ ነው» እንዳይል፣ እሱንም ብሎታል። አንድ ጊዜማ ሞቶም ያውቃል፤ ሚስቱ መጮህ ስትጀምር ብድግ ብሎ ሻይ ጠይቋታል። ያልዋሸበት ቃል ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። ሁሉንም ጨርሶታል።

ሚስቱ ምሳውን ይዛ ስትገባ አንዱ እያፏጨ እንጨት ይልጋል፣ ሌላው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ልቡ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል፣ እትዬ» አላት አናጢው።

ሳህኑን አስቀመጠችና በላዩ ቆመች። «ተነስ፣ ልብ አውልቅ። ደግሞ የራስህን አውልቀህ የት ጣልከው?»

ብላ ጠበቀች። ይህ እጁ ላይ የተቀመጠለት ቀልድ ነው፤ ጨምርበት እንዲህ ያለውን ተኝቶም አያሳልፍም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። ዓይኑ ብቻ ዓይኗን ይፈልጋል፤ ያገኘዋል፣ መልሶ ይጠፋበታል። እሷም መሳቅ እንዳለባት ወይ መጮህ እንዳለባት ግራ ገብቷት ትንሽ ቆመች። ከተጋቡ ጀምሮ መልስ ሲያጣ ማየቷ ነው።

«ታክሲ ጥራ» አለችው አናጢውን።

«እትዬ፣ እየቀለደ እኮ ነው።»

«አልቀለደም። እሱ ነው ያስፈራኝ።»

አናጢው እግርና ትከሻውን ይዞ ታክሲው ውስጥ አስገባው፤ አብሮ ለመሄድ ግን «ወርክሾፑን ማን ይጠብቃል» አለና ቀረ። መርፌ ወዳለበት እግሩ አይሄድም።

የሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ የተደረደሩት መቀመጫዎች ቆዳቸው ተቀዶ ሞላቸው ብቅ ብሏል። ጨምርበት በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፋ ሲያልፍ እንኳ አየው። «ማን ነው ይሄን የሠራው» ሊል ፈልጎ ምላሱ ከበደው።

ደም ቀዱት። ውጤቱን ይዞ የመጣው የላቦራቶሪው ባለሙያ ፊቱ የተጠራጣሪ ፊት ነው።

«ፖታሲየሙ በጣም ከፍ ብሏል» አለ።

«ማን?» አለች ሚስቱ።

«ፖታሲየም። ደም ውስጥ ያለ ነገር ነው። ግን እንደዚህ ከፍ ብሎ... አንዳንዴ ደሙ ሲቀዳ ይፈርስና ቁጥሩን የውሸት ከፍ ያደርገዋል። ደግመን ልንቀዳ ነው።»

ሚስቱ ከድካም የመጣ ሳቅ አመለጣት። «ደሙም እንደሱ ነው ማለት ነው?»

ጨምርበት ሰማ። አፉ ባይታመን ይገባው ነበር። ደሙን ግን ምን አደረገው? እሱ ሳያውቅ ውስጥ ለውስጥ ሲያወራ ነው የኖረው? ሆድ ባሰው፤ የባሰው ሆዱ ይሁን ልቡ ግን መለየት አቃተው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት። ስለ ደሙ እውነትና ውሸት ምንም ሳትል ደረቱ፣ እጁና እግሩ ላይ ሽቦ ያላቸው ማጣበቂያዎች ለጠፈች፤ አጠገቡ ያለች ትንሽ መሣሪያም ጥርት ያሉ ትናንሽ ካሬዎች ያሉበት ወረቀት እየተፋች የልቡን ምት ትስል ጀመር። ሐኪሟ ወረቀቱን አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበችና ለነርሷ አንድ ነገር በጥድፊያ አዘዘች።

«ይሄ ጉብታ ዝቅ ብሎ ክብ መሆን ነበረበት» አለች ለሚስቱ እያሳየች። «የሳቸው እንደ ድንኳን ጫፍ ሾሎ ወጥቷል።»

«ያጋንናል ማለት ነው?»

«አዎ። ያጋንናል።»

«በገዛ አፉ አልበቃ ብሎት» አለች ሚስቱ፤ እጁን ግን ያዘችው።

«ወረቀቱ ግን አይዋሽም፣ እናቴ። ደሙም እውነቱን ነው። ይሄኛው መስመር ደግሞ እየሰፋ ነው፤ ከዚህም በላይ ከሰፋ ልባቸው ይቆማል።» ወደ ጨምርበት ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ ሰሞኑን ምንድን ነው የሚበሉት? አዲስ ነገር አለ?»

ጨምርበት ኃይሉን ሁሉ አጠራቀመ። «ጨው... የሌለው ጨው» አለ።

ሚስቱ በሃፍረት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ይቅርታ አድርጊልን፣ ዶክተር። አመሉ ነው። ሞት አፋፍ ላይም ቢሆን...»

ያለችውን አልጨረሰችም። ቆርቆሮውን የገዛችው ራሷ መሆኗ ትዝ አላት። የባሏን ወሬ ከመስማት ብዛት ጆሮዋ ደንዝዞ፣ ገና ከአፉ ሲወጣ የገዛ እጇን ሥራ እንኳ ውሸት ብላ ጣለችው።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ሱፐርማርኬት ውስጥ የሚሸጠው? ለግፊት ተብሎ?»

«ልብ የተሳለበት» አለች ሚስቱ በቀጭን ድምፅ።

«እሱ ነው። ጨው የለበትም፤ በጨው ፈንታ ያለው ፖታሲየም ነው። ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው አይከፋም፤ የተረፈውን ኩላሊቱ ያስወጣለታል። የሳቸው ኩላሊት ደካማ ነው፤ ያ የግፊት ኪኒን ደግሞ ፖታሲየምን እንዳይወጣ ይይዘዋል። በሩ ተዘግቶ ቤት ሙሉ እንግዳ እንደ ማስገባት ነው።»

ነርሷ ክንዱ ላይ መርፌ አስገብታ የሆነ ነገር በዝግታ ገፋችለት። ካልሲየም ነው አለች ሐኪሟ፤ ፖታሲየሙን አይቀንሰውም፣ ልቡን ግን እስከዚያ ይይዝለታል። መሣሪያዋ ድጋሚ ሳለች። ድንኳኑ ትንሽ ዝቅ አለ። ጨምርበት ምላሱ መለስ ሲልለት ተሰማው።

«ልቤ ምን ሆኖ ነው?» አለ።

«ግራ ገብቶት ነው፣ ጋሼ። ፖታሲየም ብዙው መኖር ያለበት ህዋሶቻችን ውስጥ ነው፤ ውጪ ደሙ ውስጥ ጥቂት ነው የሚበቃው። ልብ የሚመታው በዚህ ልዩነት ነው። ውጪው ሲሞላ ልዩነቱ ይጠፋል፤ አንዴ ከመታ በኋላ ተመልሶ መዘጋጀት ያቅተዋል። ልምታ ወይስ ልቁም ይላል።»

ጨምርበት አሰበ። «ሞላው ተጨምቆ አልመለስ ብሏል።»

«ምን?»

«የሶፋ ሞላ ሲቀመጡበት ይወርዳል፤ ሲነሱ ካልተመለሰ ግን አለቀለት። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው እንጨቱን ያገኘዋል።»

«እንደዚያ ነው» አለች ሐኪሟ። «አሁን ኢንሱሊን እንሰጥዎታለን።»

«እሱ የስኳር አይደለም እንዴ? ስኳር የለብኝም።»

«የለብዎትም። ኢንሱሊኑ ፖታሲየሙን ከደም ወደ ህዋስ ይመልስልናል። ግን ስኳርዎንም ስለሚያወርድ፣ አብረን ስኳር እንሰጥዎታለን።»

ጨምርበት ጣሪያውን አየ። ስኳር የሌለበት ሰው የስኳር መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከዚያ መድኃኒቱ ስኳሩን እንዳይጨርስበት ስኳር ይሰጠዋል፤ ይህ ሁሉ የሆነው ጨው የሌለው ጨው በልቶ ነው። እሱ ስንት ዓመት ድመትና ገመድ ሲያገጣጥም፣ እውነት ለካ እዚህ ቤት ብቻዋን ተቀምጣ ያለምንም ድካም ትበልጠዋለች። ቀና ብሎ የሚስቱን ፊት ሲያይ ግን አንድ ብልቃጥ ትዝ አለው።

«አናጢው» አለ። «ያ ሰውዬ ምሳውን እየበላ ነው።»

ለሐኪሟ አስረዷት፤ አንድ ኪኒን፣ አንድ ዓይነት ኩላሊት፣ ከአንድ ቆርቆሮ የተቀነሰ። ሐኪሟ «አሁኑኑ ይምጣ፤ እንዳይጨምርበትም ንገሩት» አለች። ሚስቱ ደወለችና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

«ልቡ ከሻይ ተመለሰ?» አለ አናጢው እያላመጠ።

«ስማኝ» አለች ሚስቱ። «ያ ብልቃጥ ውስጥ ያለው መርዝ ሆኖ ነው እሱን የጣለው። ጨው አይደለም፣ ፖታሲየም የሚባል ነገር ነው፤ ልብ ያቆማል። ተወውና ና፤ ደምህ ይታይ።»

አናጢው ከት ብሎ ሳቀ። «አይ እትዬ። እርስዎንም አሠለጠነዎት? ቆርቆሮው ክዳን ላይ ልብ ተስሎበት ልብ ያቆማል?»

ሐኪሟ ስልኩን ተቀበለች። «ዶክተር ነኝ። የምትነግርዎት እውነት ነው። ይምጡ።»

«ጨምርበት፣ አውቄሃለሁ» አለ አናጢው። «ባለፈው የቀረጥ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ ብለህ የደወልክባት ድምፅ ናት። ትንሽ አቅጥነሃታል። በል ምሳዬን ልብላበት፤ እንቁላሌ ቀዘቀዘ።»

የማንኪያ ድምፅ ተሰማ። ብልቃጥ ሲከፈትም ተሰማ።

ጨምርበት እጁን ዘረጋ፤ ሚስቱ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋችለት። እውነቱን እንዳይናገር እውነቱ አልቋል፤ ሁለት ሴቶች ተናግረውት እንኳ አልተሸጠም። ልቡ ድው አለ። ዝም። ድው።

«ወንድሜ» አለ ቀስ ብሎ። «ሥራ አግኝተናል።»

ማላመጡ ቆመ። «የምን ሥራ?»

«የሆስፒታሉ መተላለፊያ። መቀመጫው ሁሉ ሞላው ወጥቷል። ኃላፊዋ አጠገቤ ቆማለች። እንጨቱም ይቀየራል ብላለች።»

«እንጨቱም?»

ጨምርበት ትንፋሹ አጠረውና ቆም አለ። ቀጥሎ የሚለው ጠፋበት። ሐኪሟን አየ፤ ሐኪሟ ሚስቱን አየች። ሚስቱ ጎንበስ ብላ አፏን ጆሮው ላይ አደረገች።

«ጨምርበት» አለችው በሹክሹክታ።

መጥራቷ ይሁን ማዘዟ አልገባውም። ግራ እንደተጋባ ጨመረበት።

«ምሳ እነሱ ናቸው የሚጋብዙት» አለ። «እዚያ አትብላ። በእግርህ እንዳትመጣ፣ ታክሲ ያዝ፤ ሌላ አናጢ ደውሎላቸዋል። ያንን ብልቃጥም ይዘኸው ና።»

«ብልቃጡ ለምን?»

«ኃላፊዋ ግፊት አለባት። ጨው የሌለው ጨው አለ ብላት ውሸታም አለችኝ። አሳያትና ሥራውን እንውሰድ።»

«እውነትህን ነው?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሚስቱ ትከሻው ላይ ግንባሯን አሳርፋ ቆየች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ከትከሻዋ እንቅስቃሴ አይታወቅም፤ እሷም የምታውቅ አትመስልም።

አናጢው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ብልቃጡን እንደ ዕቃ ናሙና ይዞ ገባ። በመምጫው መቀመጫዎቹን አይቷል፤ ዓይኑ ያበራል። ሐኪሟን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና ሜትሩን ሳበ።

«እርስዎ ከመለካትዎ በፊት እኔ ልለካዎ» አለችው፤ ከጨምርበት አጠገብ ያለው አልጋ ላይ አጋደመችው።

የሥራ ውል እንዲህ ነው ብሎ ይሁን፣ አናጢው ሸሚዙን ከፍቶ ተለጠፈበት። መሣሪያዋ ሳለች። ጉብታው ሾል ማለት ጀምሯል፤ እንደ ጓደኛው ገና አልተካነም እንጂ መንገዱን ይዞታል። ሐኪሟ ነርሷን ጠቀሰቻት። ነርሷ መርፌ ይዛ ስትመጣ አናጢው ሽቦዎቹን ከነማጣበቂያቸው ይዞ ብድግ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ሥራው ውሸት ነው እንዴ?»

ጨምርበት አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረ፤ እዚያው ጫፉ ላይ ቆሞ የትኛው እንደነበረ ጠፋበት። መቀመጫዎቹ ሞላቸው መውጣቱ እውነት ነው። ጨዉም እውነት ነው። ድንኳኑም እውነት ነው። አናጢው ግን አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ በሩን እያየ ነው።

ሚስቱ ተነስታ በአናጢው ደረት ላይ እጇን አሳረፈችና ቀስ ብላ መልሳ አጋደመችው።

«ምን ውሸት አለው» አለችው። «የጨርቁን ቀለም ሊያማክርህ ዋናው ሰውዬ እየመጣ ነው። ተኝቶ ይጠብቀኝ ብሏል። ደም የሚቀዳው ለመታወቂያ ነው፤ እዚህ ቤት ያለ ደም መታወቂያ አይሰጥም።»

አናጢው ፊቷን መረመረ። ሠላሳ ዓመት የሚያውቃት፣ ባሏን ስታጋልጥ የኖረች ጨዋ ሴት ናት። ክንዱን ዘረጋ።

ጨምርበት አንገቱን አዙሮ አያት። ልቡ ድው አለ፤ አሁን ድው ያለው በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ሐኪሟን ሊጠይቃት አሰበና ተወው። ሚስቱ ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። ዓይኗን በጨው ታጥባለች፤ ያውም ጨው ባለው ጨው።